ኳስ ለሚመታ ሚሊዮን፣ ነፍስ ለሚጠብቅ ደሞዝ፦ ይሄ ፍትሐዊ ነው?

ሌሊት_ተረኛ (ክሩን የከፈተችው)

ከአዳር ተረኝነት ወጥቼ ነው የምጽፈው፤ ነገሬ ቢዘበራረቅ ይቅር በሉኝ። የፅኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ፣ ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ዓመቴን ያዝኩ። ትናንት ሌሊት ሁለት ታካሚ ነበረኝ። አንደኛው በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ ነው። የደም ግፊቱ አልረጋ ብሎ መድኃኒቱን ከፍ ዝቅ ሳደርግ ነጋ። ተረካቢዬ መጣች፣ አስረከብኩ፣ ወጣሁ። ልብሴን እየቀየርኩ ስልኬን ብከፍት አንድ ኳስ ተጫዋች አዲስ ውል ፈርሟል። የሳምንቱን ክፍያ በእኔ የዓመት ደሞዝ አካፈልኩት። ባላካፍለው ይሻለኝ ነበር።

ቅናት ነው እንዳትሉኝ። ኳስ እወዳለሁ፤ ያለ ዘፈንም ሌሊቱ አይነጋልኝም። የምጠይቀው ይህን ነው፦ አንድ ሰው የሌላውን ሺህ እጥፍ ሲከፈለው ሥራው ሺህ እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው? ካልበለጠ ልዩነቱ ምን ይባላል? «ገበያ ነው» ብላችሁ እንዳትዘጉት። ገበያ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ልክ ነው ወይ ነው ያልኩት።

ቆጣሪው

«ገበያ ነው» አትበሉ ካልሽ እጃችንን አስረሽ ለትግል ጠርተሽናል። ቢሆንም ልሞክር። ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ቢረዝም ታገሱኝ።

ጥያቄሽ የቆየ ነው። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 አንስቶት ነበር፦ ከውኃ የሚበልጥ ጠቃሚ ነገር የለም፣ ግን በውኃ የሚገዛ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ አልማዝ ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም፣ ግን ብዙ ነገር ይለወጥበታል። አጥጋቢ መልስ የመጣው መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ዋጋ የሚተመነው በነገሩ ጠቅላላ ጥቅም አይደለም፣ በመጨረሻዋ ጭማሪ ነው። ውኃ ሞልቷል፤ አንድ ብርጭቆ ቢጨመር ቢቀነስ ለውጥ የለውም። አልማዝ ጥቂት ነው። በዚህ ስሌት አንቺ ውኃ ነሽ፣ እሱ አልማዝ ነው። ስድብ አይደለም፤ ዓለም ያለ አልማዝ መኖር ይችላል።

ግን ይሄ ሺህ እጥፉን አያስረዳም። እሱን ያስረዳው ኢኮኖሚስቱ ሼርዊን ሮዘን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1981። ሮዘንን የገረመው ከሁለተኛው በጥቂት ብቻ የሚሻል ሰው ገቢው በብዙ እጥፍ መብለጡ ነው። አንዱ ምክንያት አሥር መካከለኛ ዘፋኝ ተደምሮ አንድ ምርጥ ዘፋኝ አለመሆኑ ነው። ሌላው፣ ለእኔ ዋናው፣ ዘፋኙ ለሺህ ሰው ዘፈነ ለመቶ ሚሊዮን ሰው ዘፈነ ድካሙ ያው መሆኑ ነው። ማይክራፎን፣ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ እያባዙ ያደርሱለታል። ቀደም ሲል አልፍሬድ ማርሻልም የሰው ድምፅ የሚሰማው ሰው ቁጥር እስከተወሰነ ድረስ የዘፋኝ ገቢም ወሰን አለው የሚል ሐሳብ ነበረው። ወሰኑ ፈረሰ። የነርስ እጅ ወሰን ግን እዚያው ነው፦ ሁለት ታካሚ። አንቺን ቀድቶ ለመቶ ሚሊዮን ሰው ማሰራጨት አይቻልም።

ዝም_ባይ

«አንቺ ውኃ ነሽ፣ እሱ አልማዝ ነው»

ሚስቴ ነርስ ናት። ይቺን ነግሬያት የት እንደማድር አሳምሬ አውቃለሁ።

ድልድይ_ሰሪ

ቆጣሪው፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ግን እሷ የጠየቀችው ሌላ ነው። ጎርፍ ከየት እንደመጣ ማስረዳት ጎርፉን ትክክል አያደርገውም።

እኔ የመዋቅር መሐንዲስ ነኝ። የኛ ሥራ አንድ መርገም አለበት፤ ሲሳካ አይታይም። «ድልድዩ ዛሬም ቆሟል» የሚል ዜና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2018 ጄኖቫ ላይ የሞራንዲ ድልድይ ተደርምሶ 43 ሰው ሲሞት ያኔ ዓለም ሁሉ ስለ ድልድይ ጥገና ያወራ ጀመር። ሳምንት አልቆየም። ዘፋኝ የሚታወቀው ሲሳካለት ነው፣ እኛ የምንታወቀው ሲወድቅብን። ገንዘብ የሚሄደው ዓይን ወደ ሄደበት ከሆነ፣ ዓይን እንዳይስብ ተደርጎ የሚሠራ ሥራ ዋጋውን የሚያገኘው መቼ ነው? የገበያው ጉድለት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ክፍያው ሥራውን አይመዝንም፣ ትኩረትን ነው የሚመዝነው።

ፈጣን_ጣት

ኔይማር እ.ኤ.አ. በ2017 ብቻ 222 ሚሊዮን ዩሮ ኪሱ አስገብቷል!! ለኳስ!! ሆስፒታል ይሠራ ነበር በዚህ ገንዘብ። ሌላ ክርክር አያስፈልግም።

ዘጠኝ_ቁጥር

ፈጣን_ጣት፣ ቀስ። 222 ሚሊዮኑ የዝውውር ዋጋ ነው። የሄደው ከፓሪሱ ክለብ ወደ ባርሴሎና ነው እንጂ ወደ ተጫዋቹ ኪስ አይደለም። ደሞዙ ሌላ ነው፤ እሱም ትንሽ አይደለም፣ ግን ቁጥር ስንጠራ ቁጥሩን እንወቀው።

አሁን ወደ ነገሩ። እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ በአንድ ክለብ ታዳጊ ቡድን ነበርኩ። ጉልበቴ ተበጠሰና አበቃ። ከዚያ ቡድን ልጆች ዛሬ በኳስ የሚኖር አንድ ነው፤ እሱም ሁለተኛ ዲቪዚዮን እየተጫወተ የቤት ኪራይ የሚቆጥር ሰው ነው። እናንተ የምታዩት ሎተሪው የወጣለትን ነው። ነርስ ለመሆን መቶ ሰው ቢማር አብዛኛው ነርስ ይሆናል። ኳስ ተጫዋች ለመሆን ልጅነቱን የከፈለው መቶ ሰው ግን ምን እንደሚሆን እኔን ጠይቁ።

ሁለተኛ ነገር፣ ይሄ ለእኔ ዋናው ነው። ተጫዋቹ ብሩን ባይወስደው ማን ይወስደዋል? እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 1961 የተጫዋች ደሞዝ በሊጉ ደንብ ጣሪያ ነበረው፦ በሳምንት 20 ፓውንድ። ስታዲየሙ ግን በሰው ይጨናነቅ ነበር። ጂሚ ሂል የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር አድማ እንመታለን ብሎ ሲነሳ ጣሪያው ተነሳ፤ ብዙ ሳይቆይ ጆኒ ሄይንስ ፉልሃም ውስጥ 100 ፓውንድ ተከፈለው። ታዲያ ጣሪያው በነበረባቸው ዓመታት ከተጫዋቹ የተረፈው ገንዘብ ወደ ነርሷ ሄደ? ወደ መምህሩ ሄደ? ክለቡ ጋር ነው የቀረው። ተጫዋቹን ዝቅ ማድረግ አንቺን ከፍ አያደርግሽም፣ እህቴ።

ደግሞ ቦስማንን አስታውሱ። ዣን-ማርክ ቦስማን ውሉ ካለቀ በኋላ እንኳ ክለቡ ዋጋ ካልተከፈለኝ አልለቅህም ያለው ቤልጂየማዊ ነው። ከሰሰ፣ ዓመታት ተንከራተተ፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 ፈረደለት። የዛሬዎቹ ሚሊየነሮች በሱ ፍርድ ነው የበሉት። እሱ ራሱ ግን ሀብታም ሆኖ አልወጣም።

ሌሊት_ተረኛ

ተኝቼ ተነሳሁ፣ ክሩ ረዝሞ ጠበቀኝ።

ዘጠኝ፣ ስለ ጉልበትህ አዝናለሁ። «ገንዘቡ ወደ አንቺ አይመጣም» ያልከው እውነት ነው፣ እውነት በመሆኑም የባሰ ያበሳጨኛል። እኔና እሱ የምንበላው ከአንድ ሳህን አይደለም ማለት ነው። ታዲያ የኔን ሳህን የሚሞላው ማነው?

ቆጣሪው፣ ያንተ ውኃ አልተዋጠልኝም። ውኃ ርካሽ የሆነው ስለሞላ ነው አልክ። ነርስ መቼ ሞላ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት የዓለም የነርስ ጉድለት 5.9 ሚሊዮን ተብሎ ተገምቷል። በኛ ክፍልም ለወራት ሰው ያልተገኘለት መደብ አለ። ከጠፋ መወደድ ነበረበታ! ያንተ ሕግ እኔ ጋ ሲደርስ ለምን ይቆማል?

ቆጣሪው

ጥሩ ይዘሽኛል።

ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የአንቺ ገዢ ብዙ አይደለም። ተጫዋቹን ሃያ ክለብ ይሻማበታል። ነርስ ግን በአንድ አካባቢ የሚቀጥራት አንድ ወይም ሁለት ትልቅ ሆስፒታል ነው፤ ብዙ ጊዜም ዋጋውን የሚወስነው የመንግሥት በጀት ነው። ጆአን ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ይህን «ሞኖፕሶኒ» የሚል ስም ሰጥታ ተንትናዋለች፦ ሻጩ ብዙ ሆኖ ገዢው አንድ ሲሆን ገዢው ዋጋ ይይዛል፣ እጥረት እያለም ደሞዝ አይወጣም። መደቡ ባዶ ይቆያል እንጂ። ገዢው ለአዲሷ ነርስ ቢጨምር ላሉት ሁሉ መጨመር ይኖርበታላ። ስለዚህ ያንቺ ችግር ገበያ መኖሩ ሳይሆን የገበያው ግማሽ ብቻ መኖሩ ነው።

ሁለተኛው ባውሞል ነው። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳሳዩት ፋብሪካ በማሽን ምርቱን እያበዛ ደሞዝ ሲጨምር፣ ማሽን ሊያፋጥነው የማይችል ሥራ በንጽጽር እየተወደደ ይሄዳል። እየተወደደ ስለሚሄድ በጀት ያዡ ሁሌ ከሱ ላይ ሊቆርጥ ይፈልጋል። የአንቺ ሥራ እንዲህ ያለ ነው። የሚገርመው ምሳሌያቸው ምን እንደነበር ነው። ነርስ አይደለም፤ ሙዚቀኛ ነው! አራት ሰው የሚጫወተው የቤቶቨን ሥራ ዛሬም አራት ሰውና ያንኑ ያህል ደቂቃ ይፈልጋል። በመድረክ የሚጫወት ሙዚቀኛና ነርስ በአንድ ወገን ናቸው፤ ቀረጻው ሲመጣ ነው ጥቂቶቹ ሙዚቀኞች ጥለውሽ የሄዱት።

የጓዳ_ድምፅ

ጥለው የሄዱት ጥቂቶቹ ናቸው፣ አመሰግናለሁ። እኔ የቀሩት ወገን ነኝ።

ተቀባይ ዘፋኝ ነኝ፣ ከአሥር ዓመት በላይ። በአንድ በጣም በተሰማ ዘፈን ውስጥ ዝማሬው ላይ ያለው ድምፅ የኔ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። የተከፈለኝ የአንድ ከሰዓት አበል ነው፣ በጥሬ፣ ፊርማ እንኳ የለውም። በኋላ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ የራሴን ድምፅ እየሰማሁ ሾፌሩ «ዝም በይ እስቲ እንስማበት» ብሎኛል፤ አብሬ እያዜምኩ ነበር።

የምለው እዚህ ሁላችሁም «ዝነኛ» እና «ባለሙያ» ብላችሁ ለሁለት ከፍላችሁታል። እኛ የት እንግባ? የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 118 ቀን አድማ ሲመታ ፖስተር ላይ ያሉትን ፊቶች አይታችሁ «ሚሊየነሮች አድማ መቱ» ብላችሁ ስቃችሁ ይሆናል። ማኅበሩ 160,000 ገደማ አባላት አሉት። የጤና መድን ለማግኘት ያኔ በዓመት 26,470 ዶላር ከሥራው ማግኘት ይጠይቅ ነበር፤ አብዛኛው አባል እዚያ አይደርስም። ተዋናይ ተብሎ መታከሚያ የሌለው ሰው ማለት ነው። ስፖቲፋይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተሰማ ዘፈን ምንም አይከፈለውም ብሏል። የጠብታዋን ጠብታ ሰብስቦ ወደ ትልቁ ጋን።

ስለዚህ ሌሊት_ተረኛ፣ የሰፋው ክፍተት ባንቺና በዝነኛው መካከል ያለው ብቻ አይደለም፣ በዝነኛውና ከጀርባው ቆሞ በሚያዜመውም መካከል ነው። አንቺ ቢያንስ ወሩ ሲሞላ ይመጣልሻል።

ዝም_ባይ

ሾፌሩ ግን በኋላ ተነገረው?

የጓዳ_ድምፅ

አልነገርኩትም። ሙሉ ሒሳብ አስከፍሎኛል።

መምህር_ጡረታ

ልጆቼ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ፍልስፍና ያስተማርኩ ሽማግሌ ነኝ፤ ጣቴ ፊደል መልቀም ስለማይወድ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ዘጠኝ_ቁጥር የተባልከው ልጅ ያነሳኸውን ሮበርት ኖዚክ እ.ኤ.አ. በ1974 በደንብ አስልቶታል። ምሳሌው የቅርጫት ኳሱ ዊልት ቻምበርሌይን ነበር። በመጀመሪያ፣ ይላል፣ ሀብቱ ሁሉ እናንተ ፍትሐዊ በምትሉት መንገድ ይከፋፈል። ከዚያ ጨዋታ ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ ከትኬቱ ዋጋ 25 ሳንቲሟን የተጫዋቹ ስም በተጻፈባት ሳጥን ለብቻ ይጣል። በዓመቱ አንድ ሚሊዮን ሰው ቢመጣ 250,000 ዶላር ይሆናል። መነሻው ፍትሐዊ ነበር፤ የጣለው ሁሉ በፈቃዱ ጣለ። ታዲያ ግፉ በየት ገባ?

ይህን ክርክር ዓመት በዓመት አስተማርኩት፣ ዓመት በዓመትም ረታኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ አንድ ቀን ገባኝ። ሳጥኗ የለችም! እኔ ለዚያ ተጫዋች 25 ሳንቲም ጥዬ አላውቅም፤ ግን እየከፈልኩት ነው። ሳሙና ስገዛ በሳሙናው ዋጋ ውስጥ ማስታወቂያ አለ፣ በማስታወቂያው ውስጥ እሱ አለ። ለዜና ብዬ የምከፍለው የቴሌቪዥን ጥቅል ውስጥ የማላየው ጨዋታ አለ። ስታዲየሙ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራበትም አገር ብዙ ነው። የኖዚክ ክርክር ጉልበቱ ፈቃድ ነበር። ፈቃዱ ዛሬ የት እንደተሰጠ ማንም አያስታውስም።

በተረፈ ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ያለው አለ፤ ተሰጥዖ በሥራ የተገኘ አይደለም፣ የዕጣ ጉዳይ ነው የሚል። እዚህ ላይ ግን ፍርዳችን ለሁሉም እኩል ይሁን። የተጫዋቹ እግር ዕጣ ከሆነ የቀዶ ሐኪሙም ጣት ዕጣ ነው፣ የመሐንዲሱም ጭንቅላት። «እኔ ተምሬ ነው፣ እሱ ታድሎ ነው» የሚለውን ነገር በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ ከተማሩ ሰዎች ሰምቼዋለሁ። ኳስ ተጫዋቹም ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ተምሯል።

ድልድይ_ሰሪ

መምህር፣ የመጨረሻዋ ነጥብዎ እኔን ነው የነካችኝ፤ ተቀብያለሁ። ሳጥኗን ግን አልረሳትም፣ ከርስዎ ሰርቄያታለሁ።

እኔ እንኳ ጠቅላላ ክፍያውን ትቼ ግብሩን ማየት ጀምሬያለሁ። በዚህ ወገን ሁለት ታሪክ አለ። አንዱ ስዊድን ነው። የልጆች ደራሲዋ አስትሪድ ሊንድግሬን እ.ኤ.አ. በ1976 ግብሯ ሲሰላ ከተጨማሪ ገቢዋ ላይ 102 በመቶ ደረሰ። ካገኘችው በላይ! በጋዜጣ ተረት አድርጋ ጻፈችው፣ አገሩ ተናወጠ፣ ለአርባ ዓመት ገደማ የገዛው ፓርቲም በዚያው ዓመት ምርጫ ተሸነፈ። (በሷ ብቻ ነው አልልም።) ሌላው ስፔን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከውጭ ለሥራ ለሚመጣ ሰው በገቢው ላይ 24 በመቶ ብቻ የሚያስከፍል ደንብ ወጣ። ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ ዴቪድ ቤካም ስለነበር «የቤካም ሕግ» ተባለ። እዚያው የተወለደ ባለሙያ ገቢው ባደገ ቁጥር ግብሩ ከዚያ በላይ ይወጣል። በኋላ ስፖርተኞችን አስወጥተዋቸዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ሁለተኛው ነው። ብዙ ያግኝ፣ ግድ የለኝም። ግን አብሮኝ በአንድ መንገድ እየነዳ፣ እኔ ባሰላሁት ድልድይ እየተሻገረ፣ ከኔ ያነሰ ድርሻ ሲያዋጣ እሱን «ገበያ» አትበሉኝ። ገበያ አይደለም፣ ተፈርሞ የወጣ ደንብ ነው።

ዘጠኝ_ቁጥር

በዚህ ላይ ከጎንህ ነኝ። ግብር ያምልጥ ያለ ሰው የለም።

ፈጣን_ጣት

ስለ ኔይማር ተሳስቻለሁ እሺ። ግን ሳይንቲስቶቹስ? ካታሊን ካሪኮ የኮቪድ ክትባት መሠረት የሆነውን ሥራ እየሠራች እ.ኤ.አ. በ1995 ዩኒቨርሲቲዋ ከደረጃዋ ዝቅ አድርጓታል። ኖቤል በ2023 ነው የመጣው። ሃያ ስምንት ዓመት! ይሄን ደግሞ አርሙኝ።

ዘጠኝ_ቁጥር

ይሄ ልክ ነው። የሚታረም የለውም።

ቆጣሪው

የሚጨመር ግን አለው። ገበያ ቢሆን ኖሮ ሃያ ስምንት ዓመት የሚጠብቅ አልነበረም። ዝቅ ያደረጋት የምርምር ገንዘብ አላመጣሽም ያለ ኮሚቴ ነው። ለአልማዙ ዋጋ ገበያውን ስንወቅስ ውኃውን የሚተምኑትን ጠረጴዛዎች እንረሳለን።

ሌሊት_ተረኛ

ሦስት ቀን ሆነ፣ ሁሉንም አነበብኩ፣ አንዳንዱን ሁለቴ። መምህር፣ ተማሪዎ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር። የጓዳ_ድምፅ፣ ያንን ዘፈን ሳልሰማው አልቀርም፤ ሌሊት ሌሊት አብረን ነበርን ማለት ነው።

አንድ ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2020 በብዙ አገር ሰው መስኮቱ ላይ ቆሞ አጨበጨበልን። አለቀስኩ፣ አልደብቅም። ጭብጨባ ለዘፋኝ የክፍያው መጀመሪያ ነው፤ ለኛ መጨረሻው ሆነ።

አሁን በሺህ እጥፉ ላይ ንዴቴ በርዷል። ፍትሐዊ ነው ወደማለት አልመጣሁም። ግን በጣሪያው ስናደድ ወለሉን ረስቼው ነበር። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በፅኑ ሕሙማን ክፍል ለአንድ ነርስ ከሁለት ታካሚ በላይ አይሰጥም የሚል ሕግ አላት። ያን ሌሊት ሁለት ነበረኝ ብያችኋለሁ። ትናንት ሦስት ነበሩ፤ የቀረችው ልጅ ምትክ አልተገኘላትም። ዛሬ አንድ ነገር ምረጪ ብትሉኝ ደሞዙን ሳይሆን ያንን ሕግ ነው የምመርጠው። ደሞዙንም አልጠላም!

ዘጠኝ_ቁጥር

የመጀመሪያው ቀን ታካሚሽስ? ግፊቱ አልረጋ ያለው።

ሌሊት_ተረኛ

ዛሬ ጠዋት ቱቦው ወጣለት። ድምፁ እየተቆራረጠ መጀመሪያ የጠየቀኝ የኳሱን ውጤት ነው።

ዘጠኝ_ቁጥር

ነገርሽው?

ሌሊት_ተረኛ

ተሸንፈዋል። አልነገርኩትም፣ ግፊቱ ገና ነው።